ቡናና ቃር፦ ጥፋቱ የሲኒው ነው ወይስ የልማዳችን?



ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከአብዛኞቻችን ቤት የማይጠፋ ነው። እርሱም ቡናና ከቡና በኋላ የሚነሳብን ቃር ነው።

በአገራችን ቡና መጠጥ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ የተኳረፈ የሚታረቅበት፣ ሐዘን የደረሰበት የሚጽናናበት ነው። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ቡና ሲፈላ ዱዓ ይደረጋል፤ ትልልቆቹ ይመርቃሉ፣ ትንንሾቹ "አሚን" ይላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲቀጥልም ቀኑ ሳይታወቅ ይጋመሳል። ታዲያ በዚያው ረከቦት ዙሪያ ሲኒዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ደረቷን የምታሽ እናት አትጠፋም። "ምን ሆንሽ?" ሲሏት "ምንም አይደል፣ ያው ጨጓራዬ ነው" ትላለች። ቶናውንም ትደግማለች። ሌሊት ግን ጉሮሮዋ እየተቃጠለ ከእንቅልፏ ትነሳለች።

ስለዚህች እናት ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ ወገን "የፈጃት ቡናው ነው፣ ጨርሳ ትተወው" ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ "ኧረ ቡና ያልጠጣች ዕለት ነው የሚብስባት" ብሎ ይከራከራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ቡና ቃር ላለበት ሰው ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው ደግሞ ምንም የማይል አይደለም። ፍርዱ ያለው በየሰዉ ገላ ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለንም ቡናው ብቻ ሳይሆን የምንጠጣበት ሰዓት፣ ብዛቱ፣ ሙቀቱና ከጠጣን በኋላ የምናደርገው ነገር ነው።

ለመሆኑ ቃር ምንድነው?

አላህ (ሱ.ወ.) ጨጓራችንን ሲፈጥር ምግብ የሚያላላና ጀርም የሚገድል ብርቱ አሲድ እንዲያመነጭ አድርጎታል። ጨጓራው ራሱ በዚህ አሲድ እንዳይቃጠል ውስጡን የሚለብስ ልጋግ የመሰለ መከላከያ ተሰጥቶታል። ምግብ ከአፋችን ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ስለዚህ በሁለቱ መገናኛ ላይ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ስንውጥ ይከፈታል፣ ምግቡ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። በር ጠባቂ ነው ብንለው ይቀላል።

በር ጠባቂው ሲላላ ወይም ያለ ሰዓቱ ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ከደረት አጥንት ኋላ የሚሰማን ማቃጠል፣ ወደ ጉሮሮ የሚመጣው ጎምዛዛ ውሃ፣ ማግሳቱ፣ አንዳንዴም ሌሊት የሚያስነሳ ሳልና የድምፅ መጎርነን ቃር የምንለው ነው። አልፎ አልፎ የማያቅረው ሰው የለም። በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ግን እንደ በሽታ ቆጥሮ መታየት ይገባዋል።

ብዙዎች "ቡና ራሱ አሲድ ስለሆነ ያቃጥላል" ይላሉ። ተማሪዎቻችን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የሚማሩትን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። የአሲድ ብርታት በፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል፣ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥርም ብርታቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። የቡና ፒኤች 5 አካባቢ ነው። የባዶ ጨጓራ አሲድ ግን 2ና ከዚያም በታች ይወርዳል። ይህ ማለት የጨጓራችን አሲድ ከቡናው በሺህ እጥፍ የበረታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሚያቃጥለን በዋነኛነት የቡናው ጉምዛዜ ሳይሆን የራሳችን አሲድ ነው። ጥያቄው "ቡና አሲዱን ያበዛዋል ወይ? በር ጠባቂውንስ ያላላዋል ወይ?" የሚለው ነው።

ሁሉም "ጨጓራ" አንድ አይደለም

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። በእኛ አነጋገር ከደረት እስከ እምብርት ያለ ሕመም ሁሉ "ጨጓራ" ይባላል። ይህ አጠራር ብዙ ሰው አሳስቷል። ቃር አንድ ነገር ነው፤ የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ሌላ ነገር ነው።

ቁስለትን በአብዛኛው የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን ከጨጓራ አውጥተው በማሳደግ ከቁስለት ጋር ያለውን ዝምድና ያሳዩ ሲሆን፣ ለዚህም ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው በአገራችንም በስፋት ይገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ማዘውተር ነው። እንግዲህ ባክቴሪያ ያቆሰለው ጨጓራ ቡና በመተው ብቻ አይድንም፤ ተመርምሮ በታዘዘ መድኃኒት ነው የሚድነው። በቡናው ላይ ብቻ እየፈረደ ዓመታት የሚያሳልፍ ሰው የሚታከም በሽታውን እያስታመመ ነው።

ቡና በቃር ላይ ምን ያደርጋል?

ቡና ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ እንደሚያነሳሳ በሙከራ ታይቷል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ በር ጠባቂውን ጡንቻ እንደሚያላላም ተጠንቷል። ካፌይኑ የወጣለት ቡናም በመጠኑም ቢሆን አሲድ ያነሳሳል። ስለዚህ ነገሩ የካፌይን ብቻ አይደለም። እስከዚህ ድረስ "ቡናው ነው" የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው።

በሌላ በኩል ብዙ ሕዝብ ላይ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን ከ8 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቡና በሚጠጡና በማይጠጡ መካከል በቃርም ሆነ በቁስለት የጎላ ልዩነት አላገኘም። በ2020 በአሜሪካ የወጣውና ከ48 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ፣ በቀን ከስድስት ኩባያ በላይ ቡና፣ ሻይ ወይም ለስላሳ የሚጠጡት ምንም ከማይጠጡት ይልቅ ቃር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ኩባያ በውሃ ቢተካም ቃሩ በመጠኑ እንደሚቀንስ ገምቷል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ አምስት ሲኒ ጠጥቶ በሰላም ሲተኛ ሌላው በአንድ አቦል ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሁለተኛ፣ መጠኑ ወሳኝ ነው። በዚህም የተነሳ በአሁኑ ጊዜ ያሉ ሐኪሞች ቃር ያለበትን ሰው ሁሉ "ቡና አቁም" ከማለት ይልቅ "አንተን የሚያስነሳብህን ለይተህ ተው" ማለቱን ይመርጣሉ።

ክርክሩ ዛሬ አልተጀመረም

በቡናና በጤና ላይ መከራከር ለሙስሊሞች አዲስ አይደለም። ቡና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየመን የታወቀው ለሊት ዚክር ነቅተው ለመቆም በሚጠጡት ሱፊዮች ዘንድ ነበር። ከዚያ ወደ መካ ተሻገረ። በ917 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1511) የመካ ሙህተሲብ የነበረው ኻይር ቤግ ዓሊሞችን ሰበሰበ። ሁለት ሐኪሞችም መጥተው ቡና ለገላ ጎጂ ነው ብለው መሰከሩ። በዚህም ቡና ተከለከለ፣ ተቃጠለም። ነገር ግን ጉዳዩ ካይሮ ሲደርስ ከዚያ የመጣው ትእዛዝ የተቆጣው በስብሰባው ላይ ይታያል በተባለው ያልተገባ ነገር እንጂ በመጠጡ በራሱ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ዓሊሞች ብዙ ጽፈዋል። ዐብዱልቃዲር አልጀዚሪ የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1558 ገደማ ቡና ሐላል ስለመሆኑ ራሱን የቻለ ኪታብ አዘጋጅተዋል።

ክርክሩ የረጋው ቡና በመሠረቱ የተፈቀደ ነው በሚለው ላይ ነው። ሆኖም ለሰው ሁሉ የተፈቀደ ነገር አንድን ሰው ለይቶ የሚጎዳ ከሆነ ያ ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት። በሸሪዓ ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም አልተፈቀደምና። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽም ብሉ ጠጡ ከተባልን በኋላ ወዲያው ማባከንና ማብዛት ተከልክለናል።

እዚህ ላይ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ መንገዱን ያሳየናል። በእመት መይሙና (ረ.ዐ.) ቤት ዶብ የሚባል እንሽላሊት የሚመስል የበረሃ እንስሳ ተጠብሶ ቀረበ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ሐራም እንደሆነ ጠየቃቸው። ሐራም አለመሆኑን፣ ነገር ግን በአገራቸው ያልለመዱት ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልወደደው ነገሩት። ኻሊድም እርሳቸው እያዩት በላ። ልብ እንበል! እርሳቸው ተዉት፣ ግን ሌላውን አልከለከሉም። ኻሊድ በላ፣ ግን እርሳቸውን "ካልበሉ" ብሎ አላስጨነቀም። በቡና ዙሪያ ያጣነው አደብ ይኸው ነው።

የሚያቃጥለን ልማዳችን

አሁን ወደየቤታችን እንግባ። ቃር ላለበት ሰው ከሲኒው ይልቅ የሚከፉት የሚከተሉት ልማዶች ናቸው።

በባዶ ሆድ መጠጣት። ብዙዎቻችን ከሱብሒ በኋላ ምንም ሳንቀምስ አቦል እንጠጣለን። ብዙ የቃር በሽተኞች በዚህ ሰዓት የሚጠጡት ቡና ይብስብናል ይላሉ። ቢያንስ ጥቂት ዳቦ ወይም ቂጣ መቅደም አለበት።

ሦስቱንም መደርደር። አቦሉ ከሁሉም የጠነከረ ነው። የሚያቅረው ሰው አቦሉን አሳልፎ በረካውን ብቻ ቢጠጣ ከጨዋታውም ከዱዓውም አይጎድልም።

እንደ ፈላ መጠጣት። ይህን በተለይ አደራ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ቡናን በራሱ ካንሰር ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ሲል፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ማንኛውንም መጠጥ ግን ለምግብ ቧንቧ ካንሰር የመዳረግ ዕድል አለው ብሎ መድቦታል። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጎልቶ እንደሚታይ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም በጣም የሞቀ ምግብና መጠጥ ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው። ከጀበና የተቀዳውን ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ወጪ የለውም።

በቅባት ላይ መደረብ። ሳምቡሳና ቅቤ የበዛበት ወጥ ከጨጓራ ቶሎ አይወጡም። በላያቸው ላይ ቡና ሲደረብ በር ጠባቂው ሁለት ጫና ይገጥመዋል። ጫትም ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ጊዜ ያዘገያል። ጫት እየቃመ ቡናና ለስላሳ የሚያፈራርቅ ወጣት "ለምን አቃረኝ?" ብሎ ሊደነቅ አይገባም።

ጠጥቶ መተኛት። ቆመን ሳለን አሲዱን ወደ ታች የሚይዘው ክብደቱ ራሱ ነው። ስንጋደም ግን መንገዱ ሜዳ ይሆንለታል። ከመጨረሻው ምግብና ቡና እስከ መኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት መለየት ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። ሌሊት የሚያቅረው ሰው ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር አንድ ስንዝር ገደማ የሚሆን ጣውላ ወይም ብሎኬት ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን ስለሚያጥፍ ያን ያህል አይረዳም።

ስለ አተኛኘት ሐኪሞች ለቃር የግራ ጎንን ይመርጣሉ። እኛ ደግሞ በቀኝ ጎን መተኛት ሱና እንደሆነ ተምረናል። ሁለቱ አይጋጩም። ሱናው የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም። በቀኙ ጀምሮ ዚክሩን ካለ በኋላ ሲያቃጥለው ወደ ግራው የሚገላበጥ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም። ራስጌውን ከፍ ያደረገ ደግሞ በየትኛውም ጎኑ ይቀለዋል።

ረመዳን ሲመጣ

የቡና ነገር ከሁሉ የሚከብደው በረመዳን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው ራሱን ይፈልጠዋል። ይህ ከካፌይን መቋረጥ የሚመጣ ሐራራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በጥቂት ቀናት ያልፋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሰውየው በፍጡር ሰዓት ለራስ ምታቱ ማስታገሻ በባዶ ሆዱ ሲውጥና በላዩ ላይ ቡና ሲደርብ ነው። ከላይ እንዳልነው ማስታገሻው ራሱ ጨጓራ ያቆስላል። መፍትሔው በሻዕባን ወር ነው። ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ሲኒውን አንድ አንድ እየቀነሱ የቀኑን ቡና ወደ ማታ ማዛወር ነው።

በፍጡር ላይ በቴምርና በውሃ ጀምሮ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከዚያ መብላት ከሱናውም የተገኘ ነው፤ ለጨጓራም እረፍት ይሰጣል። ሆድ እስኪወጠር በልቶ፣ ቡና ደርቦ ወደ ተራዊሕ የሚሄድ ሰው ግን በእያንዳንዱ ሩኩዕና ሱጁድ አሲዱ ወደ ጉሮሮው ሲመጣ ኹሹዑ ይጠፋበታል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንድንከፍል ያስተማሩትን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ቡናውም ከመጠጡ ሲሶ እንደሚቆጠር አንርሳ። ከሱሑር በኋላም ሱብሒን ሰግዶ ወዲያው ከመጋደም ጥቂት ቁርኣን ተቀምጦ መቅራት ለነፍስም ለጨጓራም ይበጃል።

የደማ ቁስለት ያለበት ወይም ሐኪም መድኃኒት ሰዓት ያዘዘለት ሰው ግን ጾሙን ከሐኪሙና ከዓሊም ጋር ተማክሮ ይወስን። ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ ከአላህ እዝነት ነው። እርሱን መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

እንዴት እንፈትነው?

ቡና እርስዎን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ራስን መፈተን ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ለአንድ ሳምንት እንደ ልማድዎ ይጠጡ፤ የጠጡበትን ሰዓት፣ ስንት ሲኒ እንደሆነና ያቃረዎትን ጊዜ በደብተር ይጻፉ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው፤ ይህም በወላጅ መልካም መዋል ነው። ከዚያ በጥቂት ቀናት ቀስ በቀስ ቀንሰው ለሁለት ሳምንት ይተዉት። ሌላ ምግብዎን አይቀይሩ። ቃሩ ከቀነሰ በኋላ ከምግብ በላይ አንድ ቀጭን ሲኒ ይሞክሩ። ተመልሶ ከመጣ ገላዎ ፈርዷል። ካልመጣ ደግሞ ልክዎ ያ ነው። ቡናውን ትተውም ምንም ካልተለወጠ ጥፋተኛው ሌላ ነውና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በምትኩ ምን እንጠጣ? የገብስ ቡና ካፌይን የለውም። ሻይ ግን ካፌይን አለው። የቡና ቅጠልና ገለባ ተፈልቶ የሚጠጣውም ቢያንስም አለው። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ቆይቶ ግን አሲድ ስለሚያነሳሳ መድኃኒት አይደለም። ለስላሳ መጠጦች ሆድ ይነፋሉ፣ ቃርም ያብሳሉ።

ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን ለይተን እናስታውስ። በእርግዝና ጊዜ በር ጠባቂው ጡንቻ ይላላል፣ ማሕፀንም ጨጓራን ይገፋል። ስለዚህ ቡና ያልነካት ሴት እንኳ ልታቅራት ትችላለች። ለፅንሱም ሲባል ካፌይን መቀነስ ይመከራል። ባለቤቶቻቸውና አማቶቻቸው "እኛም ወልደናል፣ ምንም አይልም" ከማለት ይልቅ ቢያግዟቸው አጅር ያገኙበታል።

ለአፍይዋና ለእንግዳዋ

ብዙ እናቶች እንደሚያማቸው እያወቁ የሚጠጡት ሱስ ይዟቸው ብቻ አይደለም። ጎረቤት እንዳይቀየም ነው። ቡናዋን ያልጠጡላት ሴት "ምን አይተውብኝ ነው?" ትላለች። "ወላሂ ሳትጠጪ አትወጪም!" ብላም ትምላለች። እህቶች ሆይ! ይህ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳዋ ሳትጠጣ ብትሄድ ብዙዎቹ ዓሊሞች እንደሚሉት ከፋራው በማለችው ላይ ነው። እርሱም አሥር ሚስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ፣ ያ ያልተቻለው ሦስት ቀን መጾም ነው። በአንድ ሲኒ ቡና ላይ የአላህን ስም ማንሳት ምን ይበጃል?

የእንግዳ ክብሩ እንዲጠጣ መለመኑ ሳይሆን ደስ ብሎት መቀመጡ ነው። አፍይዋ "ውሃ ላምጣልሽ ወይስ አቅጥኜ ልቅዳልሽ?" ብትል ክብሯ አይቀንስም። እንግዳዋም ፊቷን ሳታጠቁር፣ ቡናውን ሳታንቋሽሽ "አላህ ይስጥልኝ፣ ያቅረኛል፤ ለጨዋታችሁ ግን አለሁ" ብትል ይበቃል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ሲወዱት በልተው ሲጠሉት ይተዉት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ዱዓው የሚደርሰው በሲኒው ቁጥር አይደለምና ከረከቦቱ አትራቁ፤ ከማይስማማችሁ ሲኒ ብቻ ራቁ።

መቼ ነው ዝም የማይባለው?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቡና ተውኩ አልተውኩ ሳይሉ ወደ ሕክምና መሄድ ግዴታ ነው። ምግብ ሲዋጥ መያዝ ወይም ማመም፤ ሳያስቡት መክሳት፤ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ የማያቋርጥ ማስታወክ፤ ድካምና የደም ማነስ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ደግሞ ቃር ሳይሆን ልብ ሊሆን ይችላልና ሰዓት አይሰጥም።

ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ጠቃሚ ናቸው። በደንብ የሚሠሩት ግን ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲወሰዱ ነው። ጎረቤት ስለተሻላት ብቻ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ተገቢ አይደለም። ማቃጠሉን ጸጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን በሽታ ሊደብቅብን ይችላል። የታዘዘለት ሰውም ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ።

ውድ አንባቢያን! ገላችን አላህ የሰጠን አማና ነው። ቡናም ከሰጠን ጸጋዎች አንዱ ነው። አንዱን ጸጋ ለማክበር ብለን ሌላውን አማና አናጉድል። በየቤታችን ቡና ሲፈላ የሚያቅራቸውን እናቶቻችንን "ስንት ልቅዳልሽ?" ከማለታችን በፊት "ዛሬ ጤናሽ እንዴት ነው?" ብለን እንጠይቃቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለጤነኞቹም ጸጋውን የሚያውቅ ልብ ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።